ተማሪ ወይስ ሠራተኛ? የሬዚደንት ሐኪሞችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመደራጀት ታሪክ በአሜሪካ

መነሻ

በ1976 የአሜሪካ ብሔራዊ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው ሲዳርስ ሳይናይ የሕክምና ማዕከል የቀረበለትን አንድ ጉዳይ መርምሮ ውሳኔ ሰጠ። የጉዳዩ ጭብጥ፣ በማዕከሉ የሚሠሩ ኢንተርኖች፣ ሬዚደንቶችና ፌሎዎች በሠራተኛ ማኅበር ተደራጅተው ከአሠሪያቸው ጋር በኅብረት ለመደራደር የፌዴራሉ ሕግ መብት ይሰጣቸዋል ወይስ አይሰጣቸውም የሚል ነበር። ቦርዱ በአራት ድምፅ ለአንድ «አይሰጣቸውም» ሲል ወሰነ። ምክንያቱን ሲያብራራም፣ እነዚህ ሐኪሞች ወደ ሆስፒታሉ የመጡት በዋነኛነት ለመማር በመሆኑ በሕጉ ትርጉም «ተማሪዎች» እንጂ «ሠራተኞች» አይደሉም አለ።

ውሳኔው በወጣበት ሰሞን በየማስተማሪያ ሆስፒታሉ ሕመምተኛ የሚቀበሉት፣ የመድኃኒት ትእዛዝ የሚጽፉት፣ ሌሊቱን በተረኝነት የሚያድሩትና ማለዳ ለአማካሪ ሐኪሙ ሪፖርት የሚያቀርቡት ግን እነዚሁ «ተማሪዎች» ነበሩ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የሚያስተምሩ፣ ፈተና የሚያርሙና በቤተ ሙከራ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ተመሳሳይ መልስ ተሰጥቷቸው ነበር። ሁለቱ ወገኖች የሚሠሩበት ቦታ ቢለያይም በሕግ ፊት የቆሙት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ እየተማረ የሚሠራ፣ እየሠራም የሚማር ሰው ማን ነው?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ እንዴት እንደተነሣ፣ መልሱ ስንት ጊዜ እንደተገለባበጠ፣ ከክርክሩ ጀርባም ለሐኪሙና ለሕመምተኛው ምን እንደነበረ ያወሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የ«ነዋሪው» ሐኪም አመጣጥ

«ሬዚደንት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «ነዋሪ» ማለት ነው። ስያሜው የመጣው ሠልጣኙ ሐኪም በእርግጥም በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ይኖር ስለነበረ ነው። በባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889 ሲከፈት፣ ዊልያም ኦስለር በውስጥ ደዌ፣ ዊልያም ሃልስተድ ደግሞ በቀዶ ሕክምና፣ በጀርመን ሆስፒታሎች ካዩት ልምድ በመነሣት ለአሜሪካ አዲስ የሆነ የሥልጠና ሥርዓት ዘረጉ። ሠልጣኙ ለዓመታት ከሆስፒታሉ ሳይርቅ ሕሙማንን እየተከታተለ፣ ኃላፊነቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል። በምላሹ የሚያገኘው ምግብ፣ መኝታና ዕውቀት ነበር። ከዚያ ያለፈ ክፍያ እምብዛም አይታሰብም፤ ትዳር መመሥረትም የሚበረታታ አልነበረም። ጥቂት ወጣት ሐኪሞች ለአጭር ዘመን የሚከፍሉት፣ በኋላም በክብርና በገቢ የሚካሱበት መሥዋዕትነት ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ስፔሻላይዜሽን የጥቂቶች ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የብዙኃኑ መንገድ ሆነ። የሥልጠናው ዘመን ረዘመ፤ የሠልጣኙ ዕድሜ ጨመረ፤ ሚስትና ልጆች ያሉት ሬዚደንት እየበዛ መጣ። ሆስፒታሎችም በበኩላቸው የአልጋቸው ቁጥርና የሚሰጡት ሕክምና ውስብስብነት እያደገ ሲሄድ ያለ ሬዚደንት ሌሊቱን መዝለቅ የማይችሉ ሆኑ። በ1965 ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና መድን ሲቋቋም፣ የሬዚደንቶችን ክፍያ ጨምሮ ከሥልጠናው ወጪ የተወሰነውን የፌዴራል መንግሥቱ ይሸፍን ጀመር። በዚህ ጊዜ ሬዚደንቱ «ነዋሪ» መባሉ አልቀረም፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ግብር የሚቆረጥበት፣ በወር መጨረሻ ደመወዙን የሚጠብቅ ሰው ሆኖ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ማኅበራት

በ1957 በኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ወጣት ሐኪሞች «የኢንተርኖችና የሬዚደንቶች ኮሚቴ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመትም ከከተማው አስተዳደር ጋር የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ለመፈረም በቁ። ይህ ማኅበር ከጊዜ በኋላ በአሜሪካ ትልቁ የሬዚደንት ሐኪሞች ማኅበር ለመሆን በቅቷል።

ከኒው ዮርክ ቀጥሎ ስሙ የሚነሣው የቦስተን ከተማ ሆስፒታል ነው። በ1967 የሆስፒታሉ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች የክፍያ ጭማሪ ጠይቀው አጥጋቢ መልስ በማጣታቸው ለየት ያለ የተቃውሞ መንገድ መረጡ። ሥራ አላቆሙም፤ ይልቁንም አበዙት። ለመተኛት በቂ ምክንያት ያለውን ሕመምተኛ ሁሉ አስተኙ፤ የተኛውንም ቶሎ አላሰናበቱም። አልጋዎቹ ሞሉ፤ የሆስፒታሉ አሠራር ተጨናነቀ። የከተማው አስተዳደርም ወደ ድርድር መጣ። ድርጊቱ የሚተች ገጽታ እንዳለው አይካድም፤ የሆስፒታል አልጋ የመደራደሪያ መሣሪያ መሆኑ ያሳስባልና። ሆኖም ሕመምተኛን ትተው መውጣት የከበዳቸው ሐኪሞች ያገኙት መውጫ ነበር። ሆስፒታሉ በማንና በምን ያህል ክፍያ እንደሚንቀሳቀስም ለሁሉም ግልጽ አደረገ።

በዩኒቨርሲቲዎች በኩል የመጀመሪያው ታላቅ እርምጃ የተወሰደው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ በማዲሰን ከተማ ነው። በ1966 የማስተማር ረዳት ሆነው የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበር መሠረቱ። በ1970 የጸደይ ወራት ከሦስት ሳምንታት በላይ የዘለቀ የሥራ ማቆም አድማ ካደረጉ በኋላ የኅብረት ስምምነት ተፈራረሙ። በአሜሪካ በድኅረ ምረቃ ተማሪ ሠራተኞችና በዩኒቨርሲቲ መካከል የተደረገ የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት ይኸው እንደሆነ ይነገራል። ስምምነቱ የቅጥር ዘመን ዋስትናን፣ በአንድ ክፍል የሚኖረውን የተማሪ ቁጥርና የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓትን ያካተተ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ማብራራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት ሆስፒታሎች ሠራተኞች የሚተዳደሩት በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። የግል ተቋማት ግን በ1935 በወጣው ብሔራዊ የሥራ ግንኙነት ሕግ ሥር ይወድቃሉ፤ ሕጉን የሚተረጉመውም ከላይ የተጠቀሰው ቦርድ ነው። ቦርዱ አምስት አባላት ሲኖሩት፣ አባላቱን ፕሬዚዳንቱ ለአምስት ዓመት ዘመን ይሾማቸዋል፤ የላይኛው ምክር ቤትም ሹመታቸውን ያጸድቃል። በመሆኑም የፖለቲካው ነፋስ በተለወጠ ቁጥር የቦርዱ አመለካከት መለወጡ የተለመደ ነው። ማዲሰን ያገኘው ድል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ድል ነበር። በግል ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ግን ቦርዱ በ1972 በአደልፋይ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1974 ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ፣ የድኅረ ምረቃ ረዳቶች በዋነኛነት ተማሪዎች ናቸው የሚል አቋም ያዘ። ለሬዚደንቶቹ ጉዳይ መሠረቱ የተጣለው በእነዚህ ውሳኔዎች ነው።

ከ1975ቱ አድማ እስከ 1976ቱ ውሳኔ

ለትርፍ ያልቆሙ የግል ሆስፒታሎች ከ1947 ጀምሮ ከፌዴራሉ የሥራ ግንኙነት ሕግ ውጭ ተደርገው ነበር። በ1974 ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ መልሶ አስገባቸው። በጤና ተቋም የሥራ ማቆም አድማ የሚያደርግ ማኅበር ከ10 ቀናት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ድንጋጌም ያን ጊዜ የተጨመረ ነው። ዓላማው ሆስፒታሉ ሕሙማንን ለማዛወርና ተተኪ ሐኪም ለመመደብ ጊዜ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር።

በመጋቢት 1975 የኒው ዮርክ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ከ20 በሚበልጡ ሆስፒታሎች ለ4 ቀናት ሥራ አቆሙ። ዋነኛ ጥያቄያቸው የደመወዝ ሳይሆን የሥራ ሰዓት ነበር። በበርካታ ክፍሎች አንድ ሬዚደንት አንድ ሌሊት እያለፈ በተረኝነት ያድር ነበርና። ቀን ሙሉ ሠርቶ፣ ሌሊቱን አድሮ፣ በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ የሚውል ሐኪም በሳምንት ከ100 ሰዓት በላይ ይሠራል። የአድማው ማብቂያ የሆነው ስምምነት ለዚህ ዓይነቱ ተረኝነት ገደብ አበጀለት። ብዙ ጊዜ የሥራ ጥቅም ሲባል ወደ ሐሳብ የሚመጣው ገንዘብ ብቻ ነው። በዚህ አድማ ግን የሐኪሙ ዕረፍትና የሕመምተኛው ደኅንነት አንድ ላይ ወደ ድርድር ጠረጴዛ መጡ።

በዓመቱ የሲዳርስ ሳይናይ ውሳኔ ወጣ። የአብላጫው ድምፅ መከራከሪያ፣ ሬዚደንቱ ሥራውን የሚሠራው የትምህርት መርሐ ግብሩ አካል ስለሆነ ነው፤ የሚከፈለውም ደመወዝ ሳይሆን የመማሪያ ድጎማ ነው የሚል ነበር። ብቸኛው ተቃዋሚ ድምፅ የቦርዱ አባል ጆን ፋኒንግ ነበሩ። እርሳቸው በልዩነት ሐሳባቸው፣ ተማሪነትና ሠራተኛነት አንዱ ሌላውን የሚያስወጣ ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል ሲሉ ጻፉ። ይህ የአንድ ሰው ሐሳብ ለ23 ዓመታት በመዝገብ ውስጥ ተቀመጠ።

ከውሳኔው በኋላ በመንግሥት ሆስፒታሎች የነበሩት ማኅበራት በክፍለ ግዛትና በከተማ ሕጎች ተጠልለው ቀጠሉ። በግል ሆስፒታሎች ግን አሠሪው በፈቃዱ ካልተቀበለ በቀር ሬዚደንቶች ሊያስገድዱት የሚችሉበት መንገድ ተዘጋ።

አንዲት ወጣትና የሥራ ሰዓት ጥያቄ

በ1984 በኒው ዮርክ አንድ ታዋቂ ሆስፒታል በትኩሳትና በመረበሽ ሌሊት የተኛች የ18 ዓመት ወጣት በሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ያከሟት ለረጅም ሰዓታት ሥራ ላይ የነበሩ፣ ሌሎች በርካታ ሕሙማንንም የሚከታተሉ ኢንተርንና ሬዚደንት ነበሩ። የጉዳዩ የሕክምና ዝርዝር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የወጣቷ አባት ጋዜጠኛና የሕግ ባለሙያ ስለነበሩ ግን ነገሩ ተዳፍኖ አልቀረም። በ1986 ጉዳዩን የመረመረው ታላቁ ዳኝነት ሐኪሞቹን በወንጀል ከመክሰስ ይልቅ የሥልጠና ሥርዓቱን ነቀፈ። ቀጥሎም በዶክተር በርትራንድ ቤል የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። በኮሚሽኑ ምክር መሠረት የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1989 የሬዚደንቶች ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በተከታታይም ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ደነገገ።

ደንቡ በወረቀት ላይ ቢሰፍርም አፈጻጸሙ ለዓመታት ደካማ ነበር። በ2003 የሬዚደንሲ መርሐ ግብሮችን ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት ለመላው አገሪቱ የ80 ሰዓት ገደብ አወጣ። ገደቡ የሚሰላው በ4 ሳምንታት አማካይ ሆኖ፣ በየሳምንቱ አንድ የዕረፍት ቀንን ይጨምራል፤ ከሦስት ሌሊት ከአንድ በላይ ተረኛ መሆንንም ይከለክላል። ይህ የመጨረሻው የኒው ዮርክ ሬዚደንቶች ከ28 ዓመታት በፊት አድማ ያደረጉበት ጥያቄ እንደነበር ልብ ይሏል።

በ2004 ከቦስተን የወጣ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርኖች በተለመደው የረጅም ሰዓት ፈረቃ ሲሠሩ የሚፈጽሙት ከባድ ስሕተት፣ አጭር ፈረቃ በተሰጣቸው ጊዜ ከሚፈጽሙት በ36 በመቶ የበለጠ መሆኑን አሳየ። በኋላ በ2016 የታተመ በቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ደግሞ፣ የ80 ሰዓቱ ጣሪያ ሳይነካ የፈረቃ ርዝማኔ ላላ ሲደረግ በሕሙማን ውጤት ላይ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ሰዓት መቀነስ ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ የርክክቡ ጥራት፣ የአማካሪው ቅርበትና የሥራው ጫና አብረው ይታያሉ።

የመልሱ መገለባበጥ

በ1996 የመንግሥት የነበረው የቦስተን ከተማ ሆስፒታል ከአንድ የግል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጋር ተዋሕዶ የቦስተን የሕክምና ማዕከል ሆነ። በመንግሥት ሆስፒታሉ የነበሩት ሬዚደንቶች ለብዙ ዓመታት በማኅበር የተደራጁ ነበሩ። አሁን የግል ተቋም ሠራተኞች ሲሆኑ በ1976ቱ ውሳኔ መሠረት በአንድ ጀምበር «ተማሪዎች» ሊሆኑ ነው። በሽታውም፣ ሕመምተኛውም፣ ተረኝነቱም ያው ነው፤ የተለወጠው የሆስፒታሉ ባለቤትነት ብቻ ነው። ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ቀረበ።

በ1999 ቦርዱ በሦስት ድምፅ ለሁለት የቀድሞውን አቋም ሻረ። ሬዚደንቶቹ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ሕመምተኛን በቀጥታ በማከም እንደሚያሳልፉ፣ የትምህርት ክፍያ እንደማይከፍሉ፣ እንደ መደበኛ ተማሪ በነጥብ እንደማይመዘኑ፣ ከክፍያቸው ግብር እንደሚቆረጥ፣ የዓመት ፈቃድና የሕክምና መድን እንደሚያገኙ ዘረዘረ። ተማሪም ቢሆኑ ሠራተኞች ናቸው ሲል ደመደመ። ለ23 ዓመታት የተቀመጠው የፋኒንግ ሐሳብ የቦርዱ ሐሳብ ሆነ።

በዓመቱ በ2000 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህንኑ የሬዚደንቶች ውሳኔ ተንተርሰው አሸነፉ። በ2002 በአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ የሆነውን የኅብረት ስምምነት ፈረሙ። ክፍያቸው ጨመረ፤ የሕክምና መድናቸውን ዩኒቨርሲቲው ሸፈነ። ማን ምን ያስተምራል፣ ማንስ ይመረቃል የሚለው የአካዳሚ ውሳኔ ግን ለዩኒቨርሲቲው እንደተጠበቀ ቆየ።

ድሉ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። በ2004 የቦርዱ አባላት በመለወጣቸው በብራውን ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ የ2000ው ውሳኔ ተሻረ። የብራውን ተማሪዎች በ2001 የሰጡት ድምፅ ሳጥኑ ታሽጎ ቆይቶ ሳይቆጠር ቀረ። ቦርዱ በዚህ ውሳኔው ስለ ሬዚደንቶች ጉዳይ ምንም አስተያየት እንደማይሰጥ በመግለጹ የ1999ኙ የቦስተን ውሳኔ አልተነካም። ስለዚህ ከ2004 በኋላ ሬዚደንቱ «ሠራተኛ»፣ የማስተማር ረዳቱ ደግሞ «ተማሪ» ሆነው ተለያዩ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ስምምነቱን ለማደስ ፈቃደኛ አልሆነም። ተማሪዎቹ ለወራት የዘለቀ አድማ ቢያደርጉም በ2006 ያለ ስምምነት ተመለሱ።

በዚያው ሰሞን ክርክሩ ባልተጠበቀ አቅጣጫ ብቅ አለ፤ በግብር በኩል። የአሜሪካ ሕግ በሚማሩበት ተቋም የሚሠሩ ተማሪዎችን ከማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ነጻ ያደርጋል። ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች «ሬዚደንቶቻችን ተማሪዎች ስለሆኑ መዋጮው አይመለከተንም» ሲሉ ተከራከሩ። ከመዋጮው ግማሹ ከሬዚደንቱ ኪስ የሚወጣ ስለነበር ብዙ ሬዚደንቶችም በዚህ ክርክር ተጠቃሚ ነበሩ፤ ከ2005 በፊት ለተቆረጠባቸው ተመላሽ ያገኙም አሉ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንዲሉ ነው። መንግሥት በ2004 ባወጣው ደንብ በሳምንት 40 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ለዚህ ጉዳይ ተማሪ ተብሎ እንደማይቆጠር ደነገገ። በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማዮ ፋውንዴሽን ጉዳይ ያለ ልዩነት ደንቡን አጸና። ፍርድ ቤቱ የሬዚደንቱን የትምህርት ዋጋ አልካደም፤ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ ሰው ግን በማኅበራዊ ዋስትናው ውስጥ መታቀፍ አለበት የሚለውን የመንግሥት ትርጉም ተቀበለ።

በ2013 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሳያስገድደው የተማሪዎቹን ማኅበር በፈቃዱ ተቀበለ። በ2016 ደግሞ ቦርዱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ሦስት ለአንድ በሆነ ድምፅ የብራውንን ውሳኔ ሽሮ ወደ 2000ው አቋም ተመለሰ። በ2019 ይህን በደንብ ለመለወጥ የቀረበ ሐሳብ በ2021 ተነሣ።

የቅርብ ዓመታት

በ2022 መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48,000 ያህል የአካዳሚ ሠራተኞች፣ ማለትም የማስተማር ረዳቶች፣ የምርምር ረዳቶችና የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች አድማ አደረጉ። በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ከታዩት ሁሉ ትልቁ ነበር። ዋነኛው ምሬት የቤት ኪራይ ነው፤ የሚከፈላቸው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ለመኖር አላስቻላቸውም። ለስድስት ሳምንታት ያህል ከቆየ በኋላ በተደረሰው ስምምነት በግማሽ ጊዜ የሚሠራ የማስተማር ረዳት የ9 ወር ዝቅተኛ ክፍያ በ2024 ወደ 34,000 ዶላር እንዲደርስ ተወሰነ። ለቤተሰብ የሚሆን የሕክምና መድን ድጋፍና ክፍያ ያለው ፈቃድም ተካተተበት።

ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በሬዚደንቶች በኩልም የመደራጀቱ ፍጥነት ጨምሯል። በ2022 የስታንፎርድ፣ በ2023 ደግሞ የቦስተኑ ማስ ጀነራል ብሪገም ሬዚደንቶች በማኅበር ለመደራጀት ድምፅ ሰጡ። በግንቦት 2023 በኒው ዮርክ ክዊንስ በሚገኘው ኤልምኸርስት ሆስፒታል ከ150 በላይ ሬዚደንቶች ለ3 ቀናት ሥራ አቆሙ። በከተማው በ33 ዓመታት ውስጥ የመጀመሪያው የሬዚደንቶች አድማ ነበር። ጥያቄያቸው ይኸው አሠሪ በማንሃተን ለሚያሠራቸው ሬዚደንቶች የሚከፍለውን ያህል ይከፈለን የሚል ሲሆን፣ በሦስት ዓመታት ውስጥ የ18 በመቶ ጭማሪ አግኝተው ተመለሱ። ኤልምኸርስት በ2020 የወረርሽኙ ማዕከል ከነበሩት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ከሬዚደንቶቹም ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርታቸውን ከአሜሪካ ውጭ ያጠናቀቁ ሐኪሞች ነበሩ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ባዕድ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመርቀው በአሜሪካ ሬዚደንሲ የሚገቡ ሐኪሞች የሚሠሩት በእነዚሁ ሕጎችና ስምምነቶች ሥር ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥልጠናው ጋር የተሳሰረ ሐኪም ቅሬታ ለማቅረብ ከሌላው ይልቅ እንደሚፈራ ግልጽ ነው። ቅሬታ በማን በኩል፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚታይ በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት ለእንዲህ ያለው ሐኪም ከደመወዝ ጭማሪው ያላነሰ ዋጋ አለው።

ተቃውሞዎችና መልሶቻቸው

በመደራጀት ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁለቱ በጥሞና ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያው የመምህርና የተማሪ ግንኙነት ይበላሻል የሚለው ነው። በሕክምና ትምህርት መምህሩ አሠሪ ብቻ አይደለም፤ እጅ ይዞ የሚያሳይ፣ በኋላም የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፍ አርአያ ነው። ይህ ግንኙነት በድርድር ጠረጴዛ ግራና ቀኝ መቀመጥን ይችለዋል ወይ? በ2013 በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ማኅበር ባላቸውና በሌላቸው ተቋማት መካከል የመምህርና የተማሪ ግንኙነትን የሚጎዳ ልዩነት አላገኘም። ማኅበር ያላቸው ግን የተሻለ ክፍያ ነበራቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሕመምተኛው ነው። ሐኪም ሥራ ሲያቆም የሚጎዳው የጉዳዩ ባለቤት ያልሆነው ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። የ10 ቀኑ ማስጠንቀቂያ የተደነገገውም፣ በሬዚደንቶች አድማ ወቅት አማካሪ ሐኪሞች ዎርዱን ተክተው የሚሸፍኑትም ለዚሁ ነው። ከአድማዎቹ ቁጥር ይልቅ ያለ አድማ የተቋጩት ስምምነቶች እጅግ ይበልጣሉ። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የመንግሥት ሆስፒታሎች ያሉ ሬዚደንቶች በድርድር ያገኙት ጥቅም ለሕሙማን መገልገያ መሣሪያ መግዣ የሚውል ፈንድን ይጨምራል። የሐኪሙና የሕመምተኛው ጥቅም ሁልጊዜ ተቃራኒ እንዳልሆነ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ማኅበር ሁሉን ነገር እንደማይፈታም መታወቅ አለበት። በ2021 በአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች ላይ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ማኅበር ባለባቸው መርሐ ግብሮች የዓመት ፈቃዱ ረዘም ያለ፣ የቤት ኪራይ ድጎማም በብዛት የሚሰጥ ሆኖ አግኝቶታል። የሥራ መሰላቸትን በተመለከተ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላየም። ስምምነት ፈቃድንና ድጎማን ያስገኛል፤ የሥራውን ክብደትና የሥልጠናውን ባሕል ለመለወጥ ግን ሌላ ጥረት ይጠይቃል።

ማጠቃለያ

ከ1976 እስከ 2016 ባሉት 40 ዓመታት ውስጥ «ተማሪ ወይስ ሠራተኛ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ በየጊዜው ተገለባብጧል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን የሬዚደንቱ ሥራ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ሌሊት ይጠራል፣ ይነሣል፣ ያክማል። የተለወጠው የሚፈርደው ሰው ነው። ከዚህ የምንረዳው ስያሜው የተፈለገው የሥራውን ባሕርይ ለመግለጽ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ መብትንና ግዴታን ለመደልደል እንደነበረ ነው። ለዚህም ነው አንድ ተቋም ሬዚደንቱን በተረኝነት ሰሌዳው ላይ ሠራተኛ፣ በመዋጮ መዝገቡ ላይ ተማሪ ሊያደርገው የቻለው።

ሌላው ትምህርት፣ የተገኙት ጥቅሞች ሕጉ እስኪተረጎም ጠብቀው የመጡ አለመሆናቸው ነው። ማዲሰን በ1970፣ ኒው ዮርክ በ1975 ስምምነት ላይ ሲደርሱ ሠልጣኞቹ ጥያቄያቸውን ለይተው በአንድ ድምፅ አቅርበው ነበር። ዛሬ መላው ዓለም የሚነጋገርበት የተረኝነት ገደብ በመጀመሪያ በድርድር ጠረጴዛ ላይ የተነሣ፣ ኋላ በሕግ፣ ቀጥሎም በጥናት የተፈተሸ ነው።

ጥያቄው በአሜሪካ የተወሰነም አይደለም። በ2019 በኢትዮጵያም ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ስለ ክፍያቸው፣ ስለ ሥራ ሁኔታቸውና ስለ ሥልጠናቸው ጥያቄ ማንሣታቸው ይታወሳል። የየአገሩ ሕግና አቅም የተለያየ በመሆኑ የአንዱን መልስ ለሌላው እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ሆኖም በየትኛውም የማስተማሪያ ሆስፒታል የሌሊቱን ተረኛ የሚመድብ ኃላፊ አንድ ነገር ቢያስብ መልካም ነው፤ በዎርዱ የሚያድረው ሰው እየተማረ ነው፣ እየሠራም ነው። ለትምህርቱ የሚያሻው ጊዜና ክትትል ለሥራው ከሚገባው ክፍያ፣ ዕረፍትና ዋስትና ጋር ሊምታታ፣ አንዱም በሌላው ሊካካስ አይገባም። በሚቀጥለው ማለዳ በዚያው ሐኪም እጅ የምትታከመው ሕመምተኛ ሁለቱም ያስፈልጓታልና።